የምክር ዓምድ፦ «መጽሐፍ ቅዱሴን ስከፍት ልቤ ይዘጋል»

የጠያቂያችን ደብዳቤ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዓምድዎን ለረጅም ጊዜ ስከታተል ኖሬያለሁ፤ ለመጻፍ ግን እስከ ዛሬ አልደፈርሁም። የ38 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ሲሆን በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ማክሰኞ ማታ የሚሰበሰብ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን መምራት ከጀመርሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል።

ችግሬ ለሰው ለመናገር የሚያሳፍር ነው። የእግዚአብሔርን ቃል የማንበብ ፍላጎት ጠፍቶብኛል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከፌሎሺፕ (ከክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረት) ጓደኞቼ ጋር ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ መልእክት ይዘን ስንነጋገር ሌሊቱ ሳይታወቀን ይነጋ ነበር። ዛሬ የማነበው ሰኞ ማታ ብቻ ነው፤ እርሱም ለማግስቱ ጥናት ጥያቄ ለማዘጋጀት ነው። በሌላው ቀን ስልኬ ላይ ያለውን መጽሐፍ ቅዱስ እከፍትና ሁለት ቁጥር ሳልጨርስ ቴሌግራም ውስጥ ገብቼ እገኛለሁ። በየዓመቱ በመስከረም የዓመት ንባብ ዕቅድ እጀምራለሁ፤ ዘሌዋውያን ላይ ስደርስ እተወዋለሁ። መጽሐፍ ቅዱሴን ስከፍት ልቤ ይዘጋል ብል ይቀለኛል።

ባለፈው ወር አንድ እንግዳ ሰባኪ «ቃሉን የማይራብ ሰው ዳግም መወለዱን ይመርምር» ሲል ሰማሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ። በቡድናችን ያሉ እኅቶች «አንቺ እኮ ቃሉ ይበራልሻል» ሲሉኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ። ከመቼ ጀምሮ እንዲህ እንደ ሆንሁ ሳስበው ሁለት ዓመት ገደማ ይሆናል፤ አባቴ በኩላሊት ሕመም ካረፈ ወዲህ ማለት ነው። ያን ጊዜ «አልሞትም በሕይወት እኖራለሁ እንጂ» የሚለውን ቃል ይዘን ቤተሰቡ ሁሉ ጸልየን ነበር፤ እኔም በእጄ ጽፌ ከአልጋው ራስጌ ለጥፌው ነበር። እርሱ ግን አለፈ፤ የጌታ ፈቃድ ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የጠፋው ራብ እንዴት ይመለሳል? ራቡ ሳይኖረኝስ ሌሎችን ማስጠናቴ ግብዝነት አይደለም ወይ? እባክዎ ሳይሸነግሉ ይንገሩኝ።

ቃሉ የደረቀባት፣ ከሐዋሳ

መልስ

እኅቴ ሆይ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። እንዳልሸነግልሽ ጠይቀሻልና አልሸነግልሽም፤ ነገር ግን ስለ ንባብ ከማውራታችን በፊት እንቅልፍ ስለ ነሣሽ ፍርሃት መናገር አለብኝ፤ ፍርሃት የያዘው ሰው የሚሰጠው ምክር ሁሉ ክስ ሆኖ ይሰማዋልና። ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ እንደ ሕፃናት የቃሉን ወተት እንዲመኙ ያዘዛቸው ሰዎች፣ ከጥቂት ቁጥሮች በፊት ዳግመኛ እንደ ተወለዱ የመሰከረላቸው አማኞች ናቸው። ይህ ምኞት ከአማኝ ልብ ፈጽሞ የማይጎድል ቢሆን ኖሮ ትእዛዙ ባላስፈለገም ነበር። የመዝሙር 119ንም ጸሐፊ ተመልከቺ። በ176 ቁጥሮች ስለ ቃሉ የዘመረው፣ ከማር ይልቅ ለአፌ ጣፈጠኝ ያለው ይህ ሰው፣ በዚያው መዝሙር «ነፍሴ ወደ ምድር ተጠጋች» ይላል፤ ልቡን ወደ ምስክሩ እንዲያዘነብልለትም ይለምናል። ልቡ ሁልጊዜ በራሱ ያዘነብል ቢሆን ኖሮ ምን ያስለምነው ነበር? የመዝሙሩም የመጨረሻ ቁጥር እንደ ጠፋ በግ ስለ ተቅበዘበዘ እንዲፈለግ የሚማጸን ጸሎት ነው። ሰባኪው በቅን ልብ ተናግሮ ይሆናል፤ እኔ ግን ያ አባባል አንቺ የምትመዘኝበት ሚዛን እንዲሆን አልቀበለውም።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ ልመለስ። ስለ ስልክሽ፣ ስለ ንባብ ዕቅዱና ስለ ጥናት ቡድኑ ዘርዝረሽ ጽፈሻል። ስለ አባትሽ የጻፍሽው ግን ጥቂት ነው፤ እርሱንም «የጌታ ፈቃድ ነው» በሚል ቃል ዘግተሽ አልፈሽዋል። ይህን አምነሽበት እንዳልሽው አልጠራጠርም። ሆኖም ልጠይቅሽ፦ ከለቅሶው በኋላ ያቺን ጽሑፍ ከአልጋው ራስጌ ያነሣት ማን ነበር? አንቺ ከሆንሽ፣ በዚያች ሰዓት ለእግዚአብሔር ልትዪው የፈለግሽው ነገር ምን ነበር? አልሽው ወይስ ዋጥሽው? ከዚያ ወዲህስ ያ ቃል የሚገኝበትን መዝሙር 118ን ከፍተሽ አንብበሽ ታውቂያለሽ? መልሱን ለእኔ መጻፍ አያስፈልግሽም፤ ለራስሽ ግን ቸኩለሽ አትመልሺ።

ከሩቅ ሆኜ የምገምት ሰው ነኝ፤ ልሳሳት እችላለሁ። ግምቴ ግን ይህ ነው፦ አንቺ ቃሉን የሰለቸሽ አይመስለኝም፤ በቃሉ የተጎዳሽ ይመስለኛል። በሚወደው ወዳጁ ንግግር ልቡ የተሰበረ ሰው ከዚያ ወዳጁ ጋር ስለ ሥራ ጉዳይ ሲነጋገር ይውላል፤ ሁለቱ ለብቻቸው ሊቀመጡ ሲሆን ግን ምክንያት ፈልጎ ይነሣል። ሰኞ ማታ ለሌሎች ስትዘጋጂ ማንበብ የሚቻልሽ፣ ለራስሽ ልታነቢ ስትቀመጪ ግን እጅሽ ወደ ቴሌግራም የሚሄደው ስለዚህ ሊሆን አይችልምን? እንዲህ ከሆነ አዲስ የንባብ ዕቅድ አይረዳሽም፤ ያልተነገረው ነገር መነገር አለበት።

በሉቃስ 24 ወደ ኤማሁስ የሚሄዱትን ሁለቱን ደቀ መዛሙርት ታውቂያቸዋለሽ፤ ምናልባትም ለቡድንሽ አስጠንተሽዋል። ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው መጨረሻውን ነው፦ «በመንገድ ሲናገረን መጻሕፍትንም ሲከፍትልን ልባችን ይቃጠልብን አልነበረምን?» አንቺም የምትፈልጊው ይህንኑ የልብ መቃጠል ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት ምን እንደ ሆነ እንደ ገና ተመልከቺ። ጌታ መጻሕፍትን ከመክፈቱ አስቀድሞ እየሄዱ ስለ ምን እንደሚነጋገሩ ጠየቃቸው፤ እነርሱም ፊታቸው ጠውልጎ ቆሙ። ጌታ ሁሉን እያወቀ «ይህ ምንድር ነው?» አላቸውና እነርሱ ራሳቸው እንዲናገሩት አደረገ። እነርሱም «ተስፋ አድርገን ነበር» አሉት። ይህን ያሉት ተስፋ ላደረጉበት ለራሱ ለጌታ ነው። መጻሕፍት የተከፈቱላቸው ያንን ከተናገሩ በኋላ ነው። ገሥጿቸዋል፤ ሆኖም አፋቸውን አላስያዛቸውም፣ ጥሏቸውም አልሄደም። አንቺ እስከማየው ድረስ ያለፍሽው ይህንን ክፍል ነው። «አባቴ እንዲድን ተስፋ አድርጌ ነበር» የሚለውን ለእርሱ ሳትነግሪው ልብሽ እንዲቃጠል ትጠብቂያለሽ።

ስለ ጥቅሱም ዝም ብዬ ላልፍ አልችልም። ስንታመም፣ ስንቸገር፣ ፈተና ሲደርስብን አንድ ቁጥር መዝዘን «የተስፋ ቃሌ ነው» ብለን የመያዝ ልማድ በአብያተ ክርስቲያናችን ሥር የሰደደ ነው። ከእናንተ ጋር የጸለዩት ሰዎች ይህን ያደረጉት አባትሽን ስለ ወደዱ ነው፤ ፍቅራቸውንም ማቃለል አልፈልግም። ነገር ግን ቁጥሩ ከመዝሙሩ ተለይቶ ስለ አንድ ሰው ዕድሜ የተሰጠ ዋስትና ሲሆን፣ ሰውየው በሞተ ቀን መጽሐፉ ራሱ ቃሉን ያጠፈ ይመስላል። ከዚያም ወዲያ መጽሐፉን በከፈትሽ ቁጥር ሌላ የሚያሳፍርሽ ተስፋ ቢገኝስ የሚል ጥርጣሬ ይከተላል። እኔ ይህን ልማድ አልደግፈውም፤ ከሚያጽናናቸው ይልቅ ኋላ በስውር የሚጎዳቸው ብዙዎች ናቸው ብዬ አምናለሁ።

መዝሙር 118 አይሁድ በፋሲካ ከሚዘምሯቸው ከ113 እስከ 118 ካሉት መዝሙሮች የመጨረሻው ነው። ማቴዎስ በምዕራፍ 26 ቁጥር 30 ላይ ጌታና ደቀ መዛሙርቱ ከእራቱ በኋላ መዝሙር ዘምረው ወደ ደብረ ዘይት እንደ ወጡ ይነግረናል፤ ብዙ የመጽሐፍ ቅዱስ መምህራንም የዘመሩት እነዚህን መዝሙሮች እንደ ሆነ ይናገራሉ። እንዲህ ከሆነ ጌታችን በማግስቱ እንደሚሰቀል እያወቀ «አልሞትም በሕይወት እኖራለሁ እንጂ፥ የእግዚአብሔርንም ሥራ እናገራለሁ» ብሎ ዘምሯል ማለት ነው። ዘመረ፤ ሞተም፤ ተነሣም። ግንበኞች ስለ ናቁት ድንጋይ በዚያው ሳምንት የጠቀሰው ቃልም ከዚሁ መዝሙር ነው። ይህን የምነግርሽ አባትሽ ለምን እንዳልዳነ ለማስረዳት አይደለም፤ እርሱን የሚያስረዳሽ ሰው ቢመጣ እኔ ብሆን አልሰማውም። ከአልጋው ራስጌ የለጠፍሽው ቃል አባትሽ ሲያርፍ ውሸት እንዳልሆነ፣ መቃብር ድረስ ወርዶ በወጣው በጌታ አፍ የነበረ ቃል እንደ ሆነ እንድታዪው ብዬ ነው።

ስለዚህ በቅድሚያ የምመክርሽ ይህን ነው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ አንድ ምሽት ለብቻሽ ተቀመጪና መዝሙር 88ን ድምፅ አውጥተሽ አንብቢ። በጨለማ የሚጨርስ መዝሙር ነው፤ እንደ ሌሎቹ የልቅሶ መዝሙሮች ወደ ምስጋና ዞሮ አይዘጋም፤ ሆኖም በመጽሐፋችን ውስጥ አለ፣ ጸሎትም ተብሎ ተቆጥሯል። ካነበብሽው በኋላ ለእግዚአብሔር ያልነገርሽውን ጻፊለት። ቃላቱን አታሳምሪ፤ «የጌታ ፈቃድ ነው» የሚለውንም ለዚያች ምሽት አቆዪው። ብታለቅሺ አልቅሺ፤ ምንም ባይሰማሽም የጻፍሽው ተነግሯል። መዝሙር 118ን ሙሉውን የምታነቢው ከዚያ በኋላ፣ በሌላ ቀን፣ አቅም ባገኘሽ ጊዜ ይሁን። ባለቤትሽ አጠገብሽ ቢሆን ከወደድሽ እርሱ ያንብብልሽ።

ወደ ጥናት ቡድኑ ልምጣ። ግብዝነት ያልሽውን እኔ ግብዝነት አልለውም፤ ግብዝ ሰው የሌለውን እንዳለው አስመስሎ ለመኖር ይተጋል፤ አንቺ ግን መሬት ብትውጥሽ እስክትመርጪ ድረስ ጨንቆሻል። ያም ሆኖ ለጥቂት ወራት ከመምራት ብታርፊ እመርጣለሁ። ቅጣት አይደለም፤ ብቁ አይደለሽም ማለቴም አይደለም። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድን ክፍል ስትከፍቺ አስቀድመሽ የምትጠይቂው «ከዚህ ምን ጥያቄ ላውጣ?» የሚለውን ነው። ይህ ልማድ ቃሉ ለአንቺ የሚናገርበትን ስፍራ ቀስ በቀስ ይወስዳል። በቡድኑ ውስጥ ሌላ ሰው እየመራ፣ አንቺ ምንም ሳታዘጋጂ፣ መልስም የመስጠት ግዴታ ሳይኖርብሽ ቁጭ ብለሽ ብትሰሚ ምን ይሰማሽ ይሆን? በሐሳቡ ብቻ ደረትሽ ቀለል ካለሽ ድካምሽ ከገመትሽው በላይ እንደ ሆነ ዕወቂ።

ንባቡንስ ከየት እንጀምር? የዓመቱን ዕቅድ ተዪው። ዘሌዋውያን ላይ መቆምሽ አያሳፍርም፤ ያለ መሪ ለብቻ በጥድፊያ የሚያልፉት መጽሐፍ አይደለም። እኔ የማርቆስን ወንጌል እንድትይዢ እመክርሻለሁ። አሥራ ስድስት ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ጮክ ተብሎ ቢነበብ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከባለቤትሽ ጋር እየተቀባበላችሁ ልትጨርሱት ትችላላችሁ። ይህን ወንጌል የመረጥሁት ካንቺ ከተማ ብዙም ስለማይርቁት ስለ ወላይታ አማኞች ሳስብ ነው። በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ምክንያት በዚያ ወንጌልን ይሰብኩ የነበሩት የውጭ አገር ሚሲዮናውያን ሲወጡ ተጠምቀው የቀሩት አማኞች ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ በቋንቋቸው የነበራቸውም የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት የተመረጡ ክፍሎች ብቻ ነበሩ። አብዛኛው ሰው ማንበብ ስለማይችል ቃሉ ወደ ብዙዎች የደረሰው በጆሮ ነው። ከወረራው በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ በሺዎች የሚቆጠሩ አማኞች አገኙ። እነዚያ ሰዎች በእጃቸው ያለው ጥቂት ነበር፤ ያንን ጥቂት ግን ደጋግመው ኖረውበታል። አንቺ በስልክሽ ውስጥ 66ቱም መጻሕፍት፣ ከዚያም ላይ ስፍር ቁጥር የሌለው ስብከት አለሽ። ለጊዜው አንድ ወንጌል ብቻ ይብቃሽ።

ማርቆስን ስታነቢ አንዳንድ ስፍራ ይከብድሻል፤ በተለይ ምዕራፍ 5 ላይ ኢያኢሮስ ስለ ታመመች ልጁ ሲለምን፣ ጌታም በመንገድ ሲዘገይ ታገኚዋለሽ። የእርሱ ልጅ ተነሣች፤ የአንቺ አባት ግን አልተነሣም። እዚያ ስትደርሺ ዘለሽ አትለፊ፤ መጽሐፉን ሳትዘጊ ቆም በዪና «ጌታ ሆይ፣ እዚህ ላይ ያመኛል» በዪው። ምዕራፍ 9 ላይ «አለማመኔን እርዳው» እያለ የጮኸውን አባት፣ ምዕራፍ 15 ላይ ደግሞ «ለምን ተውኸኝ?» እያለ የጮኸውን ጌታ ታገኛለሽ። ካንቺ በፊት እንዲህ የጮኹ ስላሉ ለብቻሽ አይደለሽም።

በየቀኑ ለሚሆነው ንባብ ደግሞ የወረቀት መጽሐፍ ቅዱስ ያዢ፤ ስልኩም በሌላ ክፍል ይቆይ። ስልክ ኃጢአት ስለ ሆነ አይደለም፤ የሚያስለቅስ ነገር ሊመጣ ሲል የሚያመልጡበት በር በአንድ ጣት ርቀት ላይ እንዳይሆን ነው። ከማርቆስ አንድ ታሪክ ብቻ፣ በቀስታ፣ ድምፅ አውጥተሽ አንብቢ፤ ከዚያ ለማንም የማታስተምሪውን አንድ ነገር ለእግዚአብሔር ንገሪው፤ ተነሥተሽም ወደ ሥራሽ ሂጂ። ልብሽ የደረቀባቸው ቀኖች ይኖራሉ። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ዳዊት የሚደግሙ እናቶችንና አባቶችን ባሰብሁ ቁጥር የምማረው አለ፤ ልባቸው ሞቆ ባደረበትም ቀዝቅዞ ባደረበትም ጠዋት ከመዝሙረ ዳዊት የዕለቱን ሳይደግሙ አይውሉም። ቃሉን በአፋቸው ይዘው ልባቸው እስኪደርስበት ይጠብቁታል። እኛ ወንጌላውያን ስሜቱን ቀድመን ስለምንፈልግ ስሜቱ በቀረ ቀን ንባቡንም እናስቀራለን፤ ይህ ጉድለታችን ነው ብዬ አስባለሁ።

አንድ ሰውም ከጎንሽ ያስፈልግሻል። በሐዋርያት ሥራ 8 የምናገኘው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ የኢሳይያስ መጽሐፍ በእጁ ነበረ፤ ጥልቅ ፍላጎትም ነበረው፤ ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዶ ሰግዶ ሲመለስ በሠረገላው ላይ ያነብ ነበር። ሆኖም ፊልጶስ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለና ወጥቶ ከእርሱ ጋር እንዲቀመጥ ለመነው። አንቺ ሁልጊዜ ፊልጶስን ሆነሻል። ከአንቺ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ሐዘን ያለፈባት፣ ምክር ለመስጠት የማትቸኩል እናት በጉባኤያችሁ ውስጥ አለች? በሳምንት አንድ ቀን ቡና እየጠጣችሁ አንድ ምዕራፍ እንድታነብልሽ ጠይቂያት። ከተቻለሽ ስለ አባትሽም ንገሪያት።

አንድ ነገር ሳልጠይቅሽ ማለፍ አይገባኝም። ጣዕም ያጣው ንባብ ብቻ ነው ወይስ ምግቡም፣ ሥራውም፣ ከልጆችሽ ጋር መጫወቱም? እንቅልፍ ያጣሽው ስብከቱን ከሰማሽ ወዲህ ብቻ ነው ወይስ ቀድሞም ነበረ? ሁሉም ነገር ጣዕም ካጣብሽና ከጥቂት ሳምንታት በላይ ከዘለቀ ወደ ሐኪም ወይም ሙያው ወዳለው አማካሪ ሂጂ። ረጅም ሐዘን አካልንም አእምሮንም ያደክማል፤ መታከም ደግሞ የእምነት ጉድለት አይደለም።

ራቡ መቼ እንደሚመለስ ልነግርሽ አልችልም፤ በየሳምንቱም አትለኪው። የኤማሁሶቹም ልባቸው ይቃጠል እንደ ነበር ያስተዋሉት በኋላ፣ እንጀራው ከተቆረሰ ወዲያ ነው።

ለመጋቢሽ ግን ሳትዘገዪ ንገሪው። ሁሉን መዘርዘር አይጠበቅብሽም፤ «አባቴ ካረፈ ወዲህ በቃሉ ፊት ለራሴ መቀመጥ አቅቶኛል፤ ለጥቂት ወራት ሌላ ሰው ያስጠና፣ እኔ ልስማ» ማለት ይበቃል። ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ ባለቤትሽን ይዘሽ ሂጂ። ከሚቀጥለው ማክሰኞ በፊት ቢሆን መልካም ነው፤ የዚህ ሳምንት ሰኞ ማታ ለማዘጋጀት የማትቀመጪበት የመጀመሪያው ሰኞ እንዲሆንልሽ።